አባቴ የተረጎመው ስም

አባቴ ያረፈው ዓርብ ነው። በዚያው ሳምንት ሰኞ ቃል አስገብቶኝ ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ስለ ልጄ ስም እሱ በጉባኤ ፊት የተናገረው ትክክል እንዳልነበረ እንድናገር ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ጽሑፍ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። የማስታውሰውን እንደማስታውሰው አስቀምጣለሁ።

አባቴ ብዙነህ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረዳ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ በሀዲይኛ የተናገረውን ለዳኛው በአማርኛ ይናገራል፤ ዳኛው ያለውን ደግሞ መልሶ በሀዲይኛ ይነግራል። ሰው ያላለውን ብሎ አያውቅም፤ ያለውንም አስቀርቶ አያውቅም። ቤታችን ሁሌ የሚወራ አንድ ነገር አለ። አንድ ባለጉዳይ ተናዶ ዳኛውን ሰደበ። ዳኛው "ምን አለ?" ብለው ጠየቁ። ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን "ይቅርታ እየጠየቀ ነው" ብሎ ያልፈው ነበር። አባቴ ተነስቶ "ክቡር ዳኛ፣ አህያ ነህ ብሎዎታል" አለ። ሰውየው አንድ ወር ታሰረ። ሲፈታ እኛ ቤት ድረስ መጣና "ብዙነህ፣ ሌላው ቢቀር መልእክቴን አድርሰህልኛል" ብሎ አባቴን አመሰገነው። አባቴ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር።

ወደ ስሙ ልምጣ።

እኔ ስማር አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሚክያሶች ነበርን። መምህሩ በፊደል ለይቶን ስለነበር እስከ ስምንተኛ ክፍል "ሚክያስ ሐ" እየተባልኩ ነው የተማርኩት። ልጅ ከወለድኩ ማንም የሌለው ስም አወጣለታለሁ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። ባለቤቴን አዜብን የተዋወቅኋት ደግሞ ጓደኛዬ ናስረዲን ጌም ቤት ነው። ናስረዲን ሁለት ቴሌቪዥንና አራት ወንበር ያላት ጠባብ ቤት ነበረችው፤ አዜብ ከጎኑ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ ነበር። እኔ የምጫወተው ጌም ውስጥ ደወል አለ። ደወሉ በተደወለ ቁጥር ግድግዳውን እየደበደበች "ቀንሱልን፣ ቀብር የወጣን መሰለን" ትል ነበር። አንድ ቀን ልትቆጣ ገብታ ቆማ ማየት ጀመረች። በዚያው ቀረች።

ጌሙ ውስጥ በረዶ የሸፈነው የድንጋይ ግንብ አለ። የግንቡ ጌታ ቫልኖር ይባላል። ፊቱ የነጣ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ፀሐይ የማይወድ፣ የሰው ደም የሚጠጣ ነው። ስትገድለው ይወድቃል፤ ደወሉ ሲደወል ደግሞ ይነሳል። አዜብ ጌሙ የተሠራበትን ልብወለድ ቴሌግራም ላይ አገኘችው። አንድ ሰው ወደ አማርኛ መልሶ ከአርባ በላይ ክፍል አድርጎ ለቆት ነበር። ሁሉንም አነበበችው። መጽሐፉ ውስጥ ቫልኖር መቶ ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ቆሞ የሞተች ሚስቱን ይጠብቃል። አዜብ እያለቀሰች "ሰው ደሙን ብቻ ነው የሚያይበት" ትለኝ ነበር። እኔ ሠላሳ ጊዜ የተጋጠምኩት ሰው እንዲህ ያለ ኀዘን እንዳለበት ያወቅኩት በእሷ ነው። ስታረግዝ፣ በቀልድ ጀምረን ሆዷን "ቫልኖር" እያልን መጥራት ለመድን። ከዚያ ቀልዱ ቀረና ስሙ ቆየ።

ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነው። አባቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እግሩ አብጦ ስለነበር ጫማ ትቶ በነጠላ ጫማ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሐኪም ልብህ ደክሟል ብሎታል። እናቴ ገነቴ ለአዜብ የቡላ ገንፎ ይዛ በበሩ ስትገባ፣ አባቴ ጠራኝ።

"ስሙን ማን አላችሁት?"

"ቫልኖር።"

የአባቴ ምላስ ቫ የሚባለውን ፊደል አያውቅም። ቪዛን "ቢዛ"፣ ቫይረስን "ባይረስ" እያለ ነው ያረጀው።

"ባልኖር" አለ። ደገመው። "ባልኖር።"

እናቴ ገንፎውን እንደያዘች ቆመች። "ባልኖር ማለት ምንድን ነው? አራስ ቤት ውስጥ ሰው እንዲህ ይላል? ሟርት ነው እኮ።"

"ቆይ ገነቴ" አላት። "ባይለየኝ የሚባል ሰው አልነበረም? ባይከዳኝስ? ስሙ ግማሽ ነው፣ ግማሹን የሚሞላው ሰሚ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ባልኖር እሱ ይኖራል። እንደዚያ ብለህ ነው አይደል?"

ዓይኑን አየሁት። አባቴ በችሎት ስንት ነገር ሰምቷል፤ እንደዚያ ቀን ግን ልቡ ተነክቶ አይቼው አላውቅም። ልብህ ደክሟል ከተባለ ጀምሮ እኔና እሱ ስለ መሞቱ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሱ የመሰለው እኔ በልጄ ስም እንደተናገርኩ ነው። ከመጋረጃው ኋላ አዜብ ትሰማለች።

"አዎ" አልኩ።

ያቺን አዎ ብዙ ጊዜ ላሳምራት ሞክሬአለሁ። ለታመመ አባት ማዘን ነው እላለሁ። አይደለም። ለእሱ ለዚያ ሰው፣ ልጄን ደም በሚጠጣ የጌም ሰው ስም ጠራሁት ብዬ መናገር አፈርኩ። ይኸው ነው።

አዜብ ስገባ ገንፎዋን ትታ "ለምን አልነገርካቸውም?" አለችኝ።

"ነገ እነግረዋለሁ።"

"ነገ እሳቸው ለሰው ይነግራሉ" አለች።

እንዳለችው ሆነ። በሳምንቱ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ያለ ዘመድ ሁሉ ሰምቶታል። ሻይ ቤት ገብቼ "ባልኖር እንዴት ነው?" የሚለኝ ሰው በዛ። አንድ የአባቴ የድሮ ባልደረባ እጄን ጨብጦ "አንተ ልጅ፣ እኛ ልጆቻችን እንደዚህ አያስቡልንም" አለኝ። እጄን ከእጁ ለማውጣት ቸኮልኩ።

ልጁ ሁለት ወር ሲሞላው ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን አቀረብነው። ልጅ የሚቀበሉት ሽማግሌው ጋሽ ሆሴዕ ናቸው፤ የስም ትርጉም ሳይጠይቁ አይጸልዩም። ምክንያት አላቸው። "ባለፈው አንዱ የፊት ቅባት ስም ይዞብኝ መጣ" አሉ በማይክ፤ ሕዝቡ ሳቀ። "ይህስ ስም ምን ማለት ነው?"

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። በዚያ ሰሞን ከወንበር መነሳት ይከብደው ነበር። መጀመሪያ በሀዲይኛ ተናገረ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፤ የድሮ ሥራው ልማድ ነው፣ ሁለቱን አያደባልቅም።

"ልጄ ለልጁ ያወጣው ስም፣ እኔ ባልኖር እሱ ይኖራል ማለት ነው። እኔ ደክሜአለሁ። ልጄ አይቶ ዝም አላለም። ይህንን ነው ያለው፤ እኔም ያለውን ነው የተረጎምኩት።"

ከሴቶቹ በኩል ለቅሶ ሰማሁ። ጋሽ ሆሴዕ ልጁን ከፍ አድርገው ስሙን ጠሩት፤ ሕዝቡ አሜን አለ። አዜብ አንገቷን ደፍታ የልጁን ኮፍያ ታስር ነበር። ኮፍያው ታስሮ ካለቀ በኋላም አቀርቅራ ቆየች።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤት እናቴ ያዘጋጀችውን አታካና በላን። ከቡላ የሚሠራ፣ ቅቤው ላዩ ላይ የተኛ፣ ለትልቅ ቀን የሚቀርብ ነው። ጋሽ ሆሴዕም ነበሩ። በዚህ መሐል ናስረዲን መጣ። ታጥቦ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። የአባቴን ጉልበት ስሞ ጥቅሉን ሰጠው።

አባቴ ፈታው። የሕፃን ካናቴራ ነው። ደረቱ ላይ ያ የነጣ ፊት፣ ያ ጥቁር ካባ ታትሞበታል። ከሥሩ በትልቁ "ቫልኖር" ይላል። ናስረዲን በቀለም ነው ያሳተመው፤ አንድ የሕፃን ካናቴራ ለማሳተም ሁለት ጊዜ ተመላልሷል።

አባቴ መነጽሩን አውጥቶ አየው። "ይህ ማነው?"

"ቫልኖር ነዋ አባባ። የግንቡ ጌታ።"

"ምን ይሠራል?"

"ደም ይጠጣል" አለ ናስረዲን፣ እየሳቀ። "ግን አይሞትም። እኔ ራሴ ስንቴ ገድዬዋለሁ። ሚክያስ ከእሱ ጋር ሲጋጠም ግን ሆሳዕና ውስጥ የሚችለው የለም። ስሙን ያወጡት ከዚያ አይደል?"

ጋሽ ሆሴዕ የያዙትን ማንኪያ መልሰው አስቀመጡ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። እኔ ሳቅሁ።

"ናስረዲን ቀልዱን አይተውም" አልኩ። "ስሙ ከአንድ ጌም ጋር ስለተመሳሰለ ነው።"

ናስረዲን አየኝ። ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። "አዎ አባባ" አለ። "ቀልዴን ነው።"

ካናቴራውን አጣጥፎ ወንበሩ ጥግ አስቀመጠ። የቀረበለትን ጥቂት ቀመሰና ሱቅ ትቼ ነው የመጣሁት ብሎ ተነሳ። እስከ በር ሸኘሁት።

"ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ቀልደኛ የሆንኩት?" አለኝ።

"ናስሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይገባቸውም።"

"እኔም እቤት አባት አለኝ። መስጊድ የሚሄድ አባት። ምን እንደምጫወት ያውቃል።" ትንሽ ሄደና ዞሮ "በእኔ ሳይሆን በራስህ ነው ያፈርከው" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጌም ቤቱ አልሄድኩም። እሱም አልጠራኝም።

አባቴ ስለ ካናቴራው አልጠየቀኝም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር አለፈ። እብጠቱ ከእግሩ ወደ ሆዱ ወጣ። በሞተበት ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ወሰድኩት። ተራ እስኪደርሰን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ትንፋሽ እያጠረው ነበር የሚያወራው።

"ሚክያስ፣ ያ ጓደኛህ ቀልደኛ ነው?"

"ማን?"

"ማን አትበለኝ። ችሎት ላይ ማን የሚል ሰው የሚለውን እየፈለገ ነው።"



"ሁለት ሰው ሲመሰክር አይቻለሁ" ብሎ ቀጠለ። "አንዱ ሳይጠየቅ ይናገራል፣ አንዱ ይስቃል። የሚስቀውን ነው የምንጠረጥረው።"

ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። በረዶውን፣ ግንቡን፣ ደወሉን፣ አዜብ ያነበበችውን መጽሐፍ፣ መስኮቱን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንደ አስተርጓሚ ጥያቄ ያነሳ ጀመር።

"ሚስቱ ትመለሳለች?"

"አትመለስም።"

"እሱ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"ደሙን ለምን ይጠጣል ታዲያ?"

"ካልጠጣ ይሞታል። እሱ ከሞተ የሚጠብቃት ሰው የለም።"

አሰበበት። "ደህና ታሪክ ነው" አለ። "ደም በዝቶበታል እንጂ።"

ሳቅ መጣብኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

"እኔን ሐሰተኛ አስተርጓሚ አደረግኸኝ" አለ። አልተቆጣም። የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። "ሠላሳ አንድ ዓመት ያላደረግኩትን። ሰው ያላለውን አለ አልኩ። በጉባኤ። በሁለት ቋንቋ።"

"አባዬ፣ ስሙን እቀይረዋለሁ።"

"ስሙን ቀይር አልኩህ? ስሙ የልጁ ነው። እኔ የምልህ ትርጉሜን አርምልኝ ነው። እኔ እቆም ነበር፤ ግን ታየኛለህ፣ መቆም አልችልም።"

"እሺ።"

"እሺ ብቻ?"

"እሁድ ቆሜ እናገራለሁ።"

"በማይክ" አለ። "ከኋላ ያሉት አይሰሙም። በሀዲይኛም ተናገር። እነ እማማ አማርኛው አይገባቸውም።"

ቃል ገባሁ። ከዚያ ስማችን ተጠራና ገባን።

ዓርብ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ እናቴ ውኃ ልታመጣለት ወጥታ ስትመለስ አርፎ አገኘችው። እኔ ሱቅ ነበርኩ። የአንድ ሰው ስልክ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ በትኜ ነበር፤ እንደተበተነ ትቼው ሮጥኩ።

ቅዳሜ ቀበርነው። ከዱራሜም ከሺንሺቾም ዘመድ መጥቶ ነበር። የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት ጋሽ ሆሴዕ ናቸው። የተወለደበትን፣ ፍርድ ቤት የገባበትን፣ ያገለገለበትን አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉና ከራሳቸው ጨመሩ። "ወንድማችን በመካከላችን ቆሞ እኔ ባልኖር ብሎ ነበር። ዛሬ የለም። ልጁ ግን ይኸው" አሉና ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። ልጁን ታቅፌ ነበር። ሴቶቹ ስሙን ተቀብለው በሙሾው ውስጥ አስገቡት። "ባልኖር፣ ባልኖር" እያሉ በሀዲይኛ አለቀሱ። መቃብሩ ሳይዘጋ፣ የደም ጠጪ ስም ነው የምታለቅሱበት ብዬ እናገራለሁ? እዚያ የሚናገር ሰው ያለ አይመስለኝም። ያኛውን ዝምታዬን ብዙም አልወቅሰውም።

በማግስቱ እሁድ ድንኳን ተቀምጠን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ለራሴ፣ ቃሌ ለቀጣዩ እሁድ ተላለፈ አልኩ። እስከዚያ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በአራተኛው አጭር አደረግኩት። በአማርኛ ሁለት መስመር፣ በሀዲይኛ ሁለት መስመር። አዜብ አነበበችውና "ይበቃል" አለች።

ቀጣዩ እሁድ ደረሰ። በእኛ ልማድ ኀዘንተኛ ቤተሰብ ፊት ወጥቶ ጉባኤውን ያመሰግናል። እናቴ፣ አዜብ ከልጁ ጋር፣ እኔ ወጣን። ማይኩን ሰጡኝ። ወረቀቱ ኪሴ ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ አስገብቼ ይዤዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኒቱን አመሰገንኩ። እድሩን አመሰገንኩ። መዘምራኑን፣ ውኃ ሲቀዱ የሰነበቱትን ልጃገረዶች፣ ከሩቅ የመጡትን አመሰገንኩ። ከዚያ የሚመሰገን ሰው አለቀብኝ። ማይኩ ከአፌ አልራቀም፤ የራሴን ትንፋሽ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። አዜብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አሁን" አለች። ጋሽ ሆሴዕ ከፊት ወንበር ሆነው፣ አይዞህ የሚል በሚመስል ዓይን ያዩኛል። ከኋላ ረድፍ እማማዎቹ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ገና ምንም ሳልል ያለቅሳሉ።

"እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል" አልኩና ማይኩን መለስኩ።

ስንቀመጥ እናቴ ጭኔን መታ መታ አድርጋ "አባትህን አኮራኸው" አለችኝ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። አባቴ ለማንም አልነገረም፤ እኔ እንደምናገር ተማምኖ ነው።

ፕሮግራሙ አልቆ ስንወጣ፣ የጋሽ ሆሴዕ ልጅ ማራኪ በሩ ጋ ትጠብቀኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ወልዳለች፤ ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል።

"ሚኪ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" አለችኝ። "አንድ ነገር ላስቸግርህ። እኛም ባልኖር ልንለው ነው። ለአባባ ብዙነህ መታሰቢያ። አባቴ ነው የመረጠው፤ እሱም እኮ እየደከመ ነው። ደስ ካላለህ ንገረኝ፣ እንተወዋለን።"

"ኧረ ደስ ይለኛል" አልኩ።

"ነገ ለልደት ምዝገባ እንሄዳለን። ጸሐፊዎቹ ስም ያበላሻሉ። እስቲ አንተ ጻፍልኝ፣ እሱን አሳያቸዋለሁ።" ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ።

ስልክ መያዝ ሥራዬ ነው፤ ጣቴ ግን ፊደሎቹን አጣቸው። ጻፍኩት። በ'ባ' ጀመርኩት። የእሷ ልጅ ስም እውነት መሆኑ ታወቀኝ። አያቱ እየደከሙ ነው፣ እናቱም ያለችውን አውቃ ነው የምትለው። አባቴ የተረጎመው ስም ያለው እሷ እቅፍ ውስጥ ነው።

አንገቷን አስግጋ አነበበችው። "በዚህኛው 'ባ' ነው?"

"ያንቺ በዚህኛው ነው" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

"ያንተስ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ምንም የጠረጠረችው ነገር የለም፤ ጥያቄዋ እንዲሁ ጥያቄ ነው። ሰው በዙሪያችን እየተሳሳመ ይወጣል። አባቷ ከኋላዋ አራት እርምጃ ርቀው ከሰው ጋር ይጨባበጣሉ፤ ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርግ ይሰሙኝ ነበር። ማይክ አያስፈልግም ነበር።

"ያው ነው" አልኳት።

አዜብ አጠገቤ ነበረች።  ልጁን ከትከሻዋ ወደ ደረቷ አዙራ በሕዝቡ መሐል መንገድ ይዛ ወጣች። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ነበር። እናቴ "ቆይ፣ ሚክያስ እየመጣ ነው" ስትላት ሰማሁ። አዜብ ለባለ ባጃጁ "ሂድ" አለችው።